ክትባት ትከሻ ሲጎዳ፦ 48 ሰዓቱ የምን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ክትባት ለጎዳው ሰው ካሳ የሚከፍል የመንግሥት ፕሮግራም አለ፤ ለትከሻ ጉዳት ሕመሙ ከተወጉ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት ይላል። እዚያ ያላችሁ፣ «ሐኪም ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ 48 ሰዓቱ አልፎብኛል፣ ካሳ የለኝም» ስትሉ ደጋግሜ አያለሁ። አላለፈባችሁም። 48 ሰዓት የተባለው ሕመሙ እስኪጀምር ነው እንጂ ሐኪም ለማየት ወይም ለማመልከት አይደለም።

አንዲት እህት ፋርማሲ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተወጋች እንበል። መርፌው ከጡንቻው ከፍ ብሎ ወደ መገጣጠሚያው ገባ። ማታውኑ ይጠዘጥዛት ጀመር፤ ነጠላዋን ለማጣፋት እንኳ እጇ አልነሣ አለ። ሐኪም ያየችው በ15ኛው ቀን ነው። መዝገቧ ላይ «ከተወጋችበት ማታ ጀምሮ» ተብሎ ከተጻፈ ጥሩ። «ሰሞኑን ያማታል» ከሆነ ግን ክርክር ያስነሣል። እባካችሁ ለሐኪሙ ቀኑን ጠቅሳችሁ ንገሩት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሕመሙ በተወጋው ትከሻ ብቻ መሆን፣ ከ6 ወር በላይም መቆየት አለበት (ሆስፒታል ተኝቶ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ወሩን አይጠብቅም)። ማመልከቻው ደግሞ ምልክቱ ከታየበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ ዋሽንግተን ላለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይገባል። ካሳውን የሚከፍለው ፋርማሲው ሳይሆን የመንግሥት ፈንድ ነው፤ የጠበቃም ክፍያ ከካሳችሁ አይቆረጥም።

የገንዘቡ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለሕመምና ለሥቃይ የሚከፈለው ግን ከ250,000 ዶላር አይበልጥም። ከክትባቱ በፊት ያንኑ ትከሻ ያመው የነበረ ሰው መንገዱ ይከብደዋል።

የኮቪድ ክትባት በዚህ ፕሮግራም አይታይም፤ የራሱ ፕሮግራም አለው፣ ጊዜውም ከተወጉበት ቀን 1 ዓመት ብቻ ነው።