የፊልም ፎቶግራፍ በዲጂታል ዘመን

የፊልም ፎቶግራፍ ምስልን የብር ጨው በተቀባ ስስ ፕላስቲክ ላይ ቀርጾ በኬሚካል በማጠብ የሚገኝ ነው። ዲጂታል ካሜራ ገበያውን ከወሰደበት ጊዜ ወዲህ ብዙዎች አበቃለት ቢሉም ዛሬም ይመረታል።

ለዚህ ትልቁ ባለውለታ የእንግሊዙ ፊልም አምራች ኢልፎርድ ነው። ኩባንያው በ2004 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ሲዳረግ፣ የራሱ ሥራ አስኪያጆች የጥቁርና ነጩን ክፍል ገዝተው በ2005 ሃርማን ቴክኖሎጂን መሠረቱ፤ የሞበርሊው ፋብሪካም ከመዘጋት ዳነ። ኮዳክ በ2012 የኪሳራ ከለላ ቢጠይቅም፣ ያቆመውን ኤክታክሮም የተባለ የቀለም ፊልም በ2018 መልሶ አወጣ። ፉጂፊልም አክሮስ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም አቁሞ በ2019 አሻሽሎ መለሰው። በ2024 ደግሞ ፔንታክስ 17 የተባለ አዲስ የፊልም ካሜራ ለገበያ ቀረበ።

ጥቁርና ነጭ ፊልም የጸናው ማንም ሰው ቤቱ ሊያጥበው ስለሚችል ነው። ፊልሙ ፍጹም ጨለማ ውስጥ በመጠምጠሚያ ላይ ተጠቅልሎ ብርሃን የማያስገባ ታንክ ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲክ መጠምጠሚያ እርጥበት ካለው ፊልሙ መሐል ላይ ይያዛል። ታንኩ ከተከደነ በኋላ ብርሃን አያሰጋም። ለአንድ ባለ 36 ምስል ጥቅል 150 ሚሊ ሊትር ዲ-76 (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) በእኩል መጠን ውሃ ይበረዛል። ኤች ፒ 5 ፕላስ የተባለው የኢልፎርድ ፊልም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከፍ ካለና ሰዓቱ ካልተቀነሰ ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት የታጠበ ፊልም) ይጠቁራል፣ የብርሃን ክፍሎችም ዝርዝራቸውን ያጣሉ። ታንኩ በመጀመሪያዎቹ 10 ሴኮንዶች አራት ጊዜ፣ ከዚያም በየደቂቃው አራት አራት ጊዜ ይገለበጣል፤ በየመሐሉም ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ይደረጋል፣ አለዚያ የተጣበቀ የአየር አረፋ ክብ ምልክት ይተዋል። ማቆሚያው (የዲ-76ን ሥራ የሚያስቆመው ፈሳሽ) ከፈሰሰ በኋላ አንድ እጅ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ከአራት እጅ ውሃ ጋር ተበርዞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል። ያረጀ ፊክሰር ፊልሙን ወተት የመሰለ ያደርገዋል፤ ቁራጭ ፊልም ጠርቶ ግልጽ ለመሆን የሚወስድበት ጊዜ ፊክሰሩ አዲስ ከነበረበት እጥፍ ሲሆን መጣል ነው።

የቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ገደማ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ይታጠባል፤ ትንሽ የሙቀት መዛነፍ ቀለሙን ስለሚያዛባው አብዛኛው ሰው ለላቦራቶሪ ይሰጣል።

በሚገባ የታጠበና የተለቀለቀ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ዕድሜው ረጅም መሆኑ አያጠራጥርም። የቀለሙ ግን ምናልባት እንደ አቀማመጡ ሊደበዝዝ ይችላል።

አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰው የኋላ ክዳኑን ስፖንጅ ይመልከት፤ ከረገፈ ብርሃን ያስገባል። ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የተሠራ የብርሃን መለኪያም በ1.5 ቮልት አልካላይን ሲሠራ ሊሳሳት ይችላል። ያልታጠበ ፊልም በአየር ማረፊያ ሲቲ ስካነር ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ያስፈልጋል።