ፖቶማክ ያርድ፦ በአሮጌው የባቡር ግቢ ላይ ስለተሠራው ጣቢያ የሚወራውና እውነታው

በሜትሮ ባቡር በዋሽንግተንና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መካከል የሚመላለስ ሰው የፖቶማክ ያርድን ጣቢያ ያውቀዋል። ናሽናል ኤርፖርት ታልፎ ብራዶክ ሮድ ከመደረሱ በፊት ያለው ነው። ሥራ የጀመረው ሜይ 19 ቀን 2023 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አካባቢው ለሰማንያ ዓመት ያህል የጭነት ባቡሮች ግቢ ነበር። በ1906 ተከፍቶ የአሜሪካን ሰሜንና ደቡብ ሲያገናኝ ኖረ። ከየአቅጣጫው የመጡ ፉርጎዎች እየተፈቱ ሰው ሠራሽ ጉብታ ላይ ይገፋሉ፤ ከጉብታው በራሳቸው ክብደት እየተንሸራተቱ ወደየሐዲዳቸው ይገባሉ፤ እዚያም በየመድረሻቸው ተቀጣጥለው አዲስ ባቡር ይሆናሉ። ከደቡብ የሚመጣው ፍራፍሬ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ በረዶ የሚጨመርለትም እዚሁ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራው ተዳክሞ ብዙም ሳይቆይ ግቢው ተዘጋ።

በዚህ መሬት ላይ ስለቆመው ጣቢያ ብዙ ይወራል። ከሚወራው ገሚሱ ስህተት ነው። ገሚሱ ደግሞ ግማሽ እውነት ያለው በመሆኑ ከጥሬው ስህተት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል።

«ሐዲዱ ድሮም ነበረ፤ የጎደለው መሳፈሪያ ብቻ ነው»

ሐዲዱ በእርግጥ ነበረ። ሜትሮ ወደ ሀንቲንግተን የሚወስደውን መስመር የከፈተው በዲሴምበር 1983 ነው። ከዚያ ጀምሮ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ባቡሮቹ የግቢውን ጠርዝ ታክከው ሳይቆሙ ያልፉ ነበር። ለአካባቢው ነዋሪ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበት ኖሯል።

ነገር ግን በየጥቂት ደቂቃው ባቡር በሚያልፍበት መስመር ላይ ጣቢያ መጨመር መስመሩ ሲዘረጋ አብሮ ከመሥራት እጅግ ይከብዳል። የሜትሮ መሳፈሪያ ስምንት ተሳቢ ያለውን ባቡር እንዲያስተናግድ 600 ጫማ ርዝመት አለው። ይህን የሚያክል መሳፈሪያ ቀጥ ያለና ደልዳላ ሐዲድ ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ በሁለቱም ጫፍ ከነባሩ ጋር መገጣጠም ነበረበት። ባቡሮቹ የት እንዳሉ እየተከታተለ ፍጥነታቸውን የሚወስነው የቁጥጥር ሥርዓትም ቢሆን ማቆሚያ በሌለበት ቦታ ማቆሚያ እንዲያውቅ እንደገና መነደፍ አለበት። ጣቢያው በ2022 ጸደይ ይከፈታል ተብሎ ነበር። በመጀመሪያ ያዘገየው የዚሁ ሥርዓት ንድፍ ነው። ኮንክሪቱም ብረቱም አልነበረም።

አዲሱን ሐዲድ ከነባሩ ጋር ለማገጣጠም ከሴፕቴምበር 10 እስከ ኖቬምበር 5 ቀን 2022 ድረስ ከኤርፖርቱ በስተደቡብ ያሉት ስድስቱም ጣቢያዎች ተዘጉ። ብራዶክ ሮድ፣ ኪንግ ስትሪት፣ አይዘንሃወር፣ ሀንቲንግተን፣ ቫን ዶርን እና ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ የሚጠቀሙ ሰዎች ለሁለት ወር ያህል ሜትሮው ባዘጋጀው ነጻ አውቶቡስ ተጓዙ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ስህተት አብሮ ይታረም። «ቢጫው መስመር ለስምንት ወር የተቋረጠው በዚህ ጣቢያ ምክንያት ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። በዚያው በሴፕቴምበር 10 ቢጫው መስመር የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገርበት ድልድይና ከእሱ ጋር የተያያዘው ዋሻ ለእድሳት ተዘግተው እስከ ሜይ 2023 ቆይተዋል። ሁለቱ ሥራዎች ሆን ተብሎ በአንድ ቀን ተጀመሩ፤ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ከሚንገላታ አንድ ጊዜ ይንገላታ ተብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ወቀሳው በሙሉ በጣቢያው ላይ አረፈ።

ሜትሮ ሥራ ከጀመረበት ከ1976 ወዲህ በሚሠራ መስመር መሃል ጣቢያ የሰካው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በ2004 የተከፈተውና ዛሬ ኖማ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ፖቶማክ ያርድ ነው። ከ98 ጣቢያ ሁለት!

«ባዶ መሬት ነበር፤ ለግንባታ ከዚህ የተመቸ የት ይገኛል?»

ባዶ የሚመስለው ከላይ ሲያዩት ነው። ለአሥርተ ዓመታት ከባቡሮች የተራገፈ የከሰል አመድና ጥቀርሻ ግቢውን ለመደልደል ውሏል። እንዲህ ያለ አፈር እንደ አርሴኒክና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶችን ይይዛል። ግቢው ከተዘጋ በኋላ ሰው ሊኖርበት የቻለው መሬቱ ተመርምሮ የሚጸዳው ከጸዳ፣ የሚሸፈነው ከተሸፈነ በኋላ ነው።

ሌላው ጣጣ ውሃ ነው። ጣቢያው የተተከለው አሁንም ሥራ ላይ ባለው የጭነት ባቡር ሐዲድና በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ከጎኗ ረግረግ አለ። አዲሱ ሐዲድ ከነባሩ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ያለው አፈር እንደታሰበው ጽኑ ሆኖ አልተገኘም። የባቡር ክብደት ተሸክሞ እንዳይሰምጥ መጠናከር ነበረበት፤ ይህም መክፈቻውን ወደ 2023 ገፋው። ፓርክዌዩ የፌዴራል መንግሥት ይዞታ በመሆኑ ደግሞ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ምክር ቤት በ2015 ቦታውን ከመረጠ በኋላም ከብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ጋር መስማማት ግድ ሆኖበታል። ረግረጉ ሊነካ አይገባም ብለው የተከራከሩ ነዋሪዎችም ነበሩ፤ ስጋታቸውም መሠረተ ቢስ አልነበረም።

«ጣቢያውን ያመጣው አማዞን ነው»

ይህን ለማረም ቀኖቹን መደርደር ይበቃል። የሰሜን ፖቶማክ ያርድ የልማት ዕቅድ በከተማው ምክር ቤት የጸደቀው በ2010 ነው። ዕቅዱ በ1997 የተከፈተውን ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያለው የገበያ ማዕከል በመኖሪያና በቢሮ ሕንጻዎች ለመተካት ያለመ ሲሆን፣ ያን ያህል ሰው በመኪና ብቻ ማንቀሳቀስ ስለማይቻል የሜትሮ ጣቢያን ቅድመ ሁኔታ አደረገ። የግንባታ ውሉ የተሰጠው በሴፕቴምበር 2018 ነው። አማዞን ሁለተኛውን ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው አጠገብ በአርሊንግተን እንደሚከፍት ያስታወቀው ከዚያ በኋላ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2018 ነው። ገና ያልመጣ እንግዳ ድግስ አያዝም።

ያም ሆኖ አማዞን አንድ ነገር ለውጧል። በመጀመሪያው ንድፍ ጣቢያው ወደ ደቡብ በኩል መግቢያ ነበረው። በ2018 ተጫራቾች ያቀረቡት ዋጋ ከታሰበው በላይ ሲሆን ይህ መግቢያ ተሰረዘ። የከተማው ባለሥልጣናት ነገሩን ያወቁት ቀደም ብለው ቢሆንም የጨረታ ምስጢር ነው በሚል ለሕዝቡ ሳይናገሩ ወራት አለፉ። መግቢያውን አምነው ቤት የገዙ ሰዎች ሲሰሙ መቆጣታቸው አይገርምም። ወጪው ይንራል እንጂ መደበቁ ምን አመጣው? ከአማዞን ውሳኔ ጋር ተያይዞ የቨርጂኒያ መንግሥት በደቡብ ምዕራብ በኩል መዳረሻ እንዲሠራ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጠና ነገሩ በረድ አለ። ስለዚህ የአማዞን ውለታ መግቢያዋ እንጂ ጣቢያው አይደለም።

በዚያው ሰሞን ቨርጂኒያ ቴክ በቀድሞው የገበያ ማዕከል ላይ አዲስ ካምፓስ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ የመጀመሪያው ሕንጻ በ2025 ተከፍቷል።

«የጣቢያው ወጪ፣ 370 ሚሊዮን ዶላሩ፣ ከነዋሪው ኪስ ነው የወጣው»

አጭሩ መልስ «በአብዛኛው አይደለም» ነው። ከተማው ወጪውን ያቀደው ከጣቢያው የሚጠቀመው እንዲከፍል አድርጎ ነው። በአካባቢው ባሉ ባለንብረቶች ላይ ልዩ የግብር ቀጠና ተቋቋመ፤ ሕንጻ ገንቢዎች በሚሠሩት ስፋት ልክ እንዲያዋጡ ተደረገ፤ ከሰሜን ቨርጂኒያ የትራንስፖርት ባለሥልጣን እርዳታ ተገኘ፤ ከቨርጂኒያ የመሠረተ ልማት ባንክም ሌላ 50 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተወሰደ። ቀሪው በከተማው ቦንድ ተሸፍኖ ዕዳው ከአዲሶቹ ሕንጻዎች በሚሰበሰብ ግብር እንዲከፈል ታሰበ። በኖማም ባለመሬቶቹ ራሳቸው 25 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል፤ ጣቢያ ሲመጣ የመሬታቸው ዋጋ እንደሚያድግ ያውቁ ነበርና።

ግን «ጣቢያው ራሱን ይከፍላል» የሚሉትም ያጋንናሉ። ቦንዱን የፈረመው ከተማው ነው። ሕንጻዎቹ በታሰበው ጊዜ ካልተሠሩ ባለዕዳው ገንቢው ሳይሆን አሌክሳንድሪያ ትሆናለች።

«የተሠራው ለስታዲየም ነው»

ይህ ወሬ የተነሳው በዲሴምበር 2023 ነው። የያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪን እና የቅርጫት ኳሱ ዊዛርድስና የበረዶ ሆኪው ካፒታልስ ቡድኖች ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ በፖቶማክ ያርድ የሁለት ቢሊዮን ዶላር የስፖርት አዳራሽ ሊሠራ ነው ብለው አወጁ። ጣቢያው በዚያን ጊዜ ከተከፈተ ሰባት ወር ሊሆነው ነበር። እንዲያውም ለስታዲየም ታስቦ ስላልተሠራ፣ ጨዋታ አልቆ በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ሕዝብ አይችልም መባሉ የተቃዋሚዎች አንዱ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ። ዕቅዱ በማርች 2024 መና ቀረ፤ ቡድኖቹም በዋሽንግተን ለመቆየት ተስማሙ።

ለነገሩ ይህ ግቢ ስታዲየም የማይወድ መሬት ሳይሆን አይቀርም። በ1992 ያኔ ገዥ የነበሩት ዳግላስ ዋይልደርና የዋሽንግተኑ የእግር ኳስ ቡድን ባለቤት ጃክ ኬንት ኩክ እዚሁ ስታዲየም እንሥራ ብለው የነዋሪው ተቃውሞ በጥቂት ወራት ውስጥ አክሽፎባቸዋል።

«አምትራክና ቪ አር ኢ እዚያ ይቆማሉ»

አይቆሙም። ሩቅ ከተሞችን የሚያገናኘው አምትራክና ሠራተኞችን ወደ ዋሽንግተን የሚያመላልሰው ቪ አር ኢ የሜትሮ ባቡሮች አይደሉም፤ በጣቢያው ጎን ሲያልፉ ይታያሉ እንጂ ለእነሱ መሳፈሪያ የለም። ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ አጠገብ ያለው የአሌክሳንድሪያ ጣቢያ ነው የሚያገለግላቸው።

«ለሀብታም ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

የሐበሻው ጥያቄ ይህ ነው፤ ግማሽ እውነትነቱም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በጣቢያው ዙሪያ የሚነሱት አፓርታማዎች ኪራይ ውድ ነው። ጣቢያ የመሬት ዋጋ እንደሚያንር ከላይ ብለናል፤ ያ ጭማሪ ዞሮ ዞሮ ኪራይ ላይ ያርፋል። ከዚህ የተለየ ምሳሌ የሚሆነው በ2009 የተጠናቀቀው ሕንጻ ነው፦ ከታች የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ከላይ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ሰዎች የሚከራዩ 64 ቤቶች። የሚያኮራ ሥራ ነው፤ 64 ግን 64 ነው።

በሌላ በኩል ጣቢያው ከናሽናል ኤርፖርት ቀጥሎ ያለ ማቆሚያ ነው። ኤርፖርቱ ውስጥ ስንቱ ወገናችን እንደሚሠራ ማንም ያውቃል። ከሜትሮው በፊትም ቢሆን ሜትሮዌይ የተባለው የራሱ መንገድ ያለው አውቶቡስ ከ2014 ጀምሮ በዚሁ ሰፈር ይሄዳል፤ በዋሽንግተን አካባቢ የዚህ ዓይነቱ አውቶቡስ የመጀመሪያው ነው። የከተማው ዳሽ አውቶቡስ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ሒሳብ አያስከፍልም።

እውነተኛው ቅሬታ መሆን ያለበት ሌላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል፣ ሳውዘርን ታወርስ የተባሉትን የአፓርታማ ሕንጻዎችና አካባቢውን ይዞ፣ ሜትሮ በደጁ አያልፍም። ፖቶማክ ያርድ ጣቢያ ያገኘው ሐዲዱ አጠገቡ ስለነበረና ባለመሬቶቹ መክፈል ስለቻሉ ነው። ሐዲድ የሌለው ሰፈር እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ለእሱ የታቀደው ከቫን ዶርን ሜትሮ ተነስቶ በላንድማርክና በሳውዘርን ታወርስ በኩል ወደ ፔንታጎን የሚዘልቅ የፈጣን አውቶቡስ መስመር ነው። በዚህ አቅጣጫ አሁን የሚሠራው የዳሽ 35 ቁጥር ነው፤ እሱም ቢሆን በተጨናነቀው መንገድ ከመኪናው ጋር እየተጋፋ ይሄዳል።