ስለ ካንተርበሪ ካቴድራል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእንግሊዝ ኬንት የሚገኘው የካንተርበሪ ካቴድራል፣ ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ በ597 የመሠረተው መንበር ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ጎብኚ ግን ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ የተዛባ ግምት ምክንያት፣ ከሥነ ሕንፃውም ከሥዕሉም ሊያደንቀው የሚገባውን ሳያይ ይወጣል፤ ይህም ያሳዝነኛል።

«ሕንፃው በአንድ ዘመንና በአንድ ንድፍ የተሠራ ነው»

አይደለም፤ ትልቁ ውበቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ከመሬት በታች ያለው ክፍል ወፋፍራም ምሰሶዎችና ክብ ቅስቶች ያሉት፣ በ1066 ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን የያዙት የኖርማኖች ሥራ ነው። ከበላዩ ያለው፣ መነኮሳቱ ይዘምሩበት የነበረው ምሥራቃዊ ክፍል በ1174 በእሳት ስለወደመ፣ ከፈረንሳይ ሳንስ ከተማ የመጣው ዊልያም የተባለ የግንባታ ሊቅ በሾሉ ቅስቶችና ቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች በሚሸከሙት ጣሪያ እንደገና ይሠራው ጀመር። ጣሪያው ክብደቱን በዘንጎቹ በኩል ወደ ምሰሶዎቹ ስለሚያወርድ ግድግዳው ለሰፋፊ መስኮቶች ቦታ አገኘ። ዊልያም በ1178 ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ክፉኛ ስለተጎዳ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሥራውን የቀጠለው ሌላ ዊልያም፣ እንግሊዛዊ፣ በ1184 ፈጸመው። ምእመናን የሚሰበሰቡበት ረጅሙ አዳራሽ ደግሞ ከ1377 እስከ 1405 ድረስ የተሠራ ስለሆነ፣ ከምዕራብ ገብቶ ደረጃውን እየወጣ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ከኋለኛው ዘመን ወደ ቀደመው ይጓዛል።

«የግንበኞቹን ስም የሚያውቅ የለም»

የሁለቱን ዊልያሞች ታሪክ ያቆየልን በዚያው ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ጌርቫስ ነው። ጌርቫስ ቃጠሎውን ብቻ ሳይሆን የአሮጌውንና የአዲሱን ሥራ ልዩነት ጭምር ጽፏል፤ ቀድሞ በመጥረቢያ ይጠረብ የነበረው ጌጥ አሁን በመሮ እንደተቀረጸ አስተውሏል። የምሰሶዎቹን ራስ ቀና ብሎ ያየ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

«ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት የተገደለው በመሠዊያው ፊት ነው»

የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ባላባቶች ታኅሣሥ 29 ቀን 1170 የገደሉት በሕንፃው ሰሜን ምዕራብ ክንፍ ውስጥ ነው። እንደ ቅዱስ የተከበረው አፅሙ እስከ 1220 ከመሬት በታች ባለው ክፍል ከቆየ በኋላ ወደ ላይኛው የሥላሴ ጸሎት ቤት ፈለሰ። መካነ መቃብሩን በ1538 ያፈረሰው ሄንሪ 8ኛ ነው።

«የእንግሊዝ ካቴድራሎች ከጥንትም ሥዕል አልባ ድንጋይ ናቸው»

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ግምት ይበልጥ እውነት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናትም በቀለም ያሸበረቁ ነበሩ። ሥዕሎቹ እንግሊዝ ከሮም ቤተ ክርስቲያን በተለየችበት የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን በኖራ ተሸፈኑ ወይም ተፋቁ። በካንተርበሪ የቅዱስ ገብርኤል ጸሎት ቤት ያሉት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የተረፉት ቦታው በግንብ ተዘግቶ ስለነበረ ነው።

«የመስኮቶቹ ባለ ሥዕል መስታወቶች ሁሉ በጥንት ቦታቸው ያሉ፣ ላልተማሩ ሰዎች የተሠሩ መጻሕፍት ናቸው»

ብዙዎቹን በ1640ዎቹ ፑሪታኖች የተባሉት፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን እንደ ጣዖት የሚቆጥሩ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ሰባብረዋቸዋል፤ የተረፉትም ተዘዋውረዋል። ለምሳሌ መሬት ሲቆፍር የሚያሳየው የአዳም ምስል በመጀመሪያ በምሥራቁ ክፍል ከፍታ ላይ ነበር፤ ዛሬ ያለው በምዕራቡ ትልቅ መስኮት ነው። ጥቂት የነቢያትና የአባቶች ምስሎች ከ1174ቱ ቃጠሎ በፊት የተሠሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ በ2021 የወጣ የመስታወት ምርመራ አሳይቷል። ከፍታቸውና የላቲን ጽሑፋቸው ሲታይ፣ ያልተማረ ሰው ያለ አስረጂ ያነብባቸው ነበር ማለት ይከብደኛል። በሥላሴ ጸሎት ቤት ያሉት የተአምራት መስኮቶች ግን ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ለምጻሞችና ሕሙማን በቤኬት መቃብር ሲፈወሱ ያሳያሉ። ጊዜ ያጠረው ጎብኚ ሌላውን ትቶ በእነዚህ ፊት ቢቆም እመክራለሁ፤ ለላይኞቹ ደግሞ አቅራቢ መነጽር ይያዝ።