በሁለቱ ክትባቶች መሃል ኩፍኝ ቢይዘውስ?

የኩፍኝ ክትባት በኢትዮጵያ ሁለቴ ይሰጣል፤ በ9 ወርና በ15 ወር። ልጁ በመሃል ሲታመም «ታዲያ ሁለተኛው ምን ሊሠራ?» የሚሉ እናቶች አሉ። አልፈርድባቸውም።

በ9 ወር ከተከተቡ 100 ሕፃናት 85 ያህሉ ይጠበቃሉ። የቀሩት ላይ ክትባቱ አይዝም። አንዱ ምክንያት ከእናታቸው የወረሱት መከላከያ ነው፤ ከደማቸው ገና ካልጠፋ ክትባቱን ሥራ ሳይጀምር ያከሽፈዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ማጠናከሪያ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያው ላልያዘላቸው ሌላ ዕድል ነው።

ደግሞ ትኩሳትና ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ አይደለም፤ ያለ ላቦራቶሪ መለየት ያስቸግራል። ኩፍኝ ቢሆን እንኳ፣ ካገገመ በኋላ ሁለተኛውን መከተቡ አይጎዳውም። እስከዚያው ግን ሕክምናው ይቅደም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፣ ዓይኑን ከጉዳት ይጠብቅለታል።