የክራሽ ሪከቨሪ ቴስት ምንድን ነው? “ነቅለነው ተነሳ” ቴስት አይደለም

“ሰርቨሩን ከሶኬት ነቅለን ሞከርነው፣ ተመልሶ ተነሳ። ፋይል ሲስተሙ አስተማማኝ ነው።” ይህን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ ሰማሁት። በመጨረሻ ይህን የተናገረው ሰው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሌሎችም የሚሰሙት ባለሙያ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ኢኖድ ምንድን ነው፣ ብሎክ ምንድን ነው እያልኩ ጊዜያችሁን አልወስድም። የክራሽ ሪከቨሪ ቴስት ማለት፣ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ነገር በየትኛውም ቅጽበት ቢቋረጥ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ሶፍትዌር) ሲመለስ የገባውን ቃል መጠበቁን ማረጋገጥ ነው። “በየትኛውም ቅጽበት” እና “የገባውን ቃል” የሚሉትን ያዙልኝ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። ብዙ ሰው “ጆርናሊንግ ስላለው ፋይል አይጠፋም” ይላል። እንዲህ የሚል ቃል ማንም አልገባም።

የእድር ጸሐፊ አስቡ። አንድ አባል ሲከፍል መዝገቡ ላይ ሦስት ቦታ ይቀየራል፦ የአባሉ ገጽ፣ የወሩ ገጽና ጠቅላላ ድምሩ። ሁለቱን አስተካክሎ መብራት ቢጠፋበት መዝገቡ ይፋለሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ መጀመሪያ ትንሽ ደብተር ላይ “እነዚህን ሦስት ቦታዎች እንዲህ አድርጌ ልቀይር ነው” ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። ዋናውን መዝገብ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሲመጣ ደብተሩን ይከፍታል። የተፈረመበትን እንደገና ይሠራዋል፣ ያልተፈረመበትን ይተወዋል። ጆርናሊንግ ይኸው ነው። ደብተሩ መዝገቡ እርስ በርሱ እንዲታረቅ ያደርጋል እንጂ ብሩ ሣጥን ውስጥ መግባቱን አይመሰክርም።

የሊኑክሱ ፋይል ሲስተም ኢኤክስቲ4 ቅንብሩ ካልተነካካ በስተቀር ጆርናሉ ላይ የሚጽፈው ሜታዳታውን (ስለ ፋይሉ የሚናገረውን መረጃ) ብቻ ነው፤ የፋይሉ ይዘት እዚያ አይገባም። ጆርናሉንም በየ5 ሰከንዱ ገደማ ነው የሚፈርመው። አዲስ የጻፋችሁት ይዘት ደግሞ ከዚያም በላይ ሜሞሪ ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ጽፎ ኤፍሲንክ (“የጻፍኩትን ዲስክ ላይ አድርስ” የሚለውን ትእዛዝ) ካልጠራ፣ የመጨረሻው ነገር ቢጠፋ ፋይል ሲስተሙ ቃሉን አላጠፈም። በተቃራኒው ኤፍሲንክ “ተሳክቷል” ብሎ ከመለሰ በኋላ አንድ ባይት እንኳ ቢጠፋ ከባድ ጥፋት ነው። ቴስቱ ኤፍሲንክ የቱን እንዳረጋገጠ መዝግቦ ይዞ፣ ከክራሹ በኋላ አንድ በአንድ ማመሳከር አለበት። ማውንት መሆኑ (ተከፍቶ ለሥራ መዘጋጀቱ) ይህን አይነግራችሁም። ፋይል ሲስተሙ ንጹሕ ሆኖ ማውንት ይሆንና ትናንት ያረጋገጠላችሁ ፋይል ባዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ “በየትኛውም ቅጽበት” ልምጣ። ጸሐፊያችን በራሱ እጅ አይጽፍም፤ ወረቀቱን በተላላኪ ነው የሚልከው። ተላላኪው ዲስኩ ነው። “ደርሷል” ይላል፣ ወረቀቱ ግን ገና ኪሱ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ መንገድ ሲያመቸው የኋለኛውን ያስቀድማል። መብራት በዚያች ቅጽበት ከጠፋ ፊርማው ደርሶ የተፈረመበት ጽሑፍ መንገድ ላይ ይቀራል። የዲስክ ካሽ (የዲስኩ ጊዜያዊ ማቆያ) እንዲህ ነው የሚሠራው። ፋይል ሲስተሙ ፍለሽ የሚባል ትእዛዝ የሚልከው “ኪስህን አራግፍ፣ ከዚያ ቀጥል” ለማለት ነው። ኪሱን ሳያራግፍ “አራግፌያለሁ” የሚል ዲስክ ካጋጠማችሁ የትኛውም ፋይል ሲስተም አያድናችሁም።

በሁለት ፍለሽ መካከል 10 ብሎክ (የዲስክ ቁራጭ) ተጻፈ እንበል። መብራት ሲጠፋ ከ10ሩ የትኞቹ እንደደረሱ አይታወቅም። እያንዳንዱ ወይ ደርሷል ወይ አልደረሰም፤ ስለዚህ ሊፈጠሩ የሚችሉት ሁኔታዎች 1,024 ናቸው። ሰርቨሩን አንዴ ስትነቅሉ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን አያችሁ፤ የቀሩት 1,023 አልተነኩም። “አሥር ጊዜ ነቀልን” ብትሉኝም አሥር ነው ያያችሁት፣ ያውም ከሚደጋገሙት።

መንቀሉ ራሱ ብዙ ጊዜ መንቀል አይደለም። ፕሮግራሙን ኪል ማይነስ ናይን በሚባለው ትእዛዝ መግደል ፋይል ሲስተሙን ጨርሶ አይፈትነውም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በሕይወት አለ፣ የተጻፈውም ሜሞሪው ላይ አለ፣ ቀስ ብሎ ዲስክ ላይ ያወርደዋል። ቨርቹዋል ማሽንን ድንገት መዝጋትም እንደ አሠራሩ ነው። ካሹ በዋናው ማሽን ሜሞሪ ላይ ከሆነ ምንም አልጠፋም። ከርነሉን በግድ ሪስታርት ማድረግ ይሻላል፤ ግን ዲስኩ ኃይል ስላልተቋረጠበት ኪሱ ውስጥ ያለውን ያደርሳል።

ታዲያ በትክክል እንዴት ይፈተናል? ሊኑክስ ውስጥ ዲኤም ሎግ ራይትስ የሚባል መሣሪያ አለ። በፋይል ሲስተሙና በዲስኩ መካከል ይቀመጥና የሚያልፈውን እያንዳንዱን ጽሑፍ፣ ፍለሹን ጨምሮ፣ በተራው ይመዘግባል። ከዚያ መዝገቡን እስከ ፈለጋችሁበት ነጥብ ድረስ ባዶ ዲስክ ላይ ትደግሙታላችሁ። እዚያ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮስ? ማውንት አድርጋችሁ ኤፍኤስሲኬ በሚባለው የፋይል ሲስተም መፈተሻ ትፈትሻላችሁ፣ የተረጋገጡትን ፋይሎች ታመሳክራላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ነጥብ ታልፋላችሁ። ሶኬት የሚነካ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ተመራማሪዎች ክራሽ መንኪ በተባለ መሣሪያ ተመሳሳይ ነገር ሠሩ። ትልልቅ ሥራ አላስኬዱም። አዲስ በተፈጠረ ፋይል ሲስተም ላይ ሦስት ወይም ከዚያ ያነሱ ትእዛዞችን እየደረደሩ ሞከሩ፦ ፋይል ፍጠር፣ ስሙን ቀይር፣ ኤፍሲንክ ጥራ። ሰው በየቀኑ በሚጠቀምባቸው የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ላይ 10 አዳዲስ ስህተቶች አገኙ። ሰባቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ትክክለኛነቱ በሒሳብ ተረጋግጧል በተባለ ኤፍኤስሲኪው የሚባል ፋይል ሲስተም ላይም አንድ አገኙ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስንት ሰርቨር በመብራት መቋረጥ ወድቆ ተነስቷል! “ተነሳ” ማለት ስህተት የለም ማለት ቢሆን ኖሮ አይገኙም ነበር።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፦ የመብራት መቋረጥና የዲስክ ብልሽት አንድ አይደሉም። እስካሁን ያልኩት ዲስኩ ደህና ሆኖ ኃይል ሲቋረጥ ነው። ዲስኩ ራሱ “መጻፍ አልቻልኩም” ሲል ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ሠሪዎች ያወቁት ይህንን ነው። ሊኑክስ ላይ ኤፍሲንክ ስህተት ከመለሰ በኋላ ከርነሉ ያልተጻፉትን ገጾች እንደተጻፉ ሊቆጥራቸው ይችላል። ፕሮግራሙ ኤፍሲንክን እንደገና ሲጠራው “ተሳክቷል” ይባላል፣ ዳታው ግን ዲስክ ላይ የለም። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በወጡት ማስተካከያዎች እንደገና መሞከሩን ተወ። ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ይቆምና ከራሱ ሎግ ተነስቶ ዳታውን መልሶ ይሠራል።

ይህንን ለመፈተን ዲኤም ፍሌኪ የሚባል የሊኑክስ መሣሪያ አለ፤ በወሰናችሁለት ሰከንድ እየሠራ፣ በወሰናችሁለት ሰከንድ ስህተት ይመልሳል። ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁን ኮድ ክፈቱና ኤፍሲንክ የሚጠራበትን መስመር ፈልጉ። የሚመልሰውን የሚያይ ሰው ከሌለ እሱን አስተካክሉ። ስህተት ሲመጣ ኤፍሲንክን እንደገና የሚሞክር ሉፕ ካገኛችሁ አውጡት።