የሩሲያ ባለርስቶች በጸሐፍቱ ስላቅ ውስጥ

እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ድረስ በሩሲያ የአንድ ባለርስት ሀብት የሚነገረው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በ«ነፍሳቱ» ቁጥር ነበር። ነፍስ የሚባለው በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ ወንድ ገባር ሲሆን፣ ታላቁ ጴጥሮስ የጣለው የነፍስ ወከፍ ግብርም የሚሰላው በዚሁ መዝገብ ነው። ጭሰኛ የሚለው ቃላችን ይህን ሰው አይገልጸውም፤ የሩሲያው ገባር ከመሬቱ ተነጥሎ ሊሸጥ፣ ለብድርም መያዣ ሊሆን ይችል ነበርና። ጸሐፍቱ በባለርስቱ ማኅበረሰብ ላይ የሰነዘሩት ስላቅ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በ1782 በፒተርስበርግ መድረክ የታየው የዴኒስ ፎንቪዚን ተውኔት ገባሮቿን የምታሠቃይ እመቤትንና መማር የማይሻ ልጇን ሚትሮፋንን ያሳያል። ልጁ «በር» ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ከቦታው ተቀጽሏልና ቅጽል ነው፤ ገና ያልተገጠመው የጓዳው በር ግን ስም ነው ይላል።

የዚህ ስላቅ ቁንጮ የኒኮላይ ጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» (1842) ነው። በሁለት ቆጠራ መካከል የሞተ ገባር በመዝገብ ላይ በሕይወት እንዳለ ይቆያል፣ ጌታውም ግብሩን ይከፍልለታል። ቺቺኮቭ የተባለው ተጓዥ እነዚህን ሙታን በርካሽ ገዝቶ፣ በሕይወት ያሉ አስመስሎ በመያዣነት በማስያዝ ብድር ሊወስድባቸው ያስባል። የሞስኮ ሳንሱር ነፍስ አትሞትም በሚል ርእሱን ተቃውሞት ነበር።

ቺቺኮቭ ከቤት ቤት ሲዞር እያንዳንዱ ባለርስት በአሻሻጡ ይገለጣል። ሶባኬቪች ለአንዱ ሙት 100 ሩብል ጠርቶ ድርድሩን ይጀምራል፤ ሠረገላ ሠሪውን ሚኼየቭን፣ አናጢውን ስቴፓን ፕሮብካን፣ ምድጃ ሠሪውን ሚሉሽኪንን እያነሣ የእያንዳንዱን እጅ ሙያ ያሞግሳል። ገዢው ሰዎቹ እኮ ሞተዋል ሲለው ለጥቂት ጊዜ ያስብና፣ ያሉትስ ቢሆኑ ዝንብ እንጂ ሰው ናቸው ወይ ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ በሁለት ሩብል ተኩል ይስማማሉ። ጎጎል ከዚህ የላቀ ትዕይንት የጻፈ አይመስለኝም፤ ሟቾቹ እያንዳንዳቸው ስምና ሙያ ይዘው ሲቆሙ፣ በሕይወት ያሉት ሁለቱ ሰዎች ዋጋ ከመቁረጥ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም።

ኢቫን ጎንቻሮቭ በ1859 ያቀረበው ኦብሎሞቭ ጨካኝ አይደለም፤ 350 ነፍሳት ስላሉት ብቻ ከመኝታው ለመነሣት ምክንያት ያጣ ሰው ነው። በሳልቲኮቭ ሽቸድሪን ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ «ትንሹ ይሁዳ» የተባለው ጎሎቭልዮቭ ጸሎቱን ሳያቋርጥ የገዛ ቤተሰቡን ያጠፋል።

ገባርነት ከተሻረ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1904 በሞስኮ መድረክ የታየው የአንቶን ቼኾቭ «የቼሪ አትክልት» ባለርስቶቹን በዕዳ ተይዘው ያገኛቸዋል። ርስቱን በጨረታ የሚገዛው ሎፓኺን አባቱና አያቱ በዚያው ቤት ገባር የነበሩ ሰው ነው። ሽማግሌው አሽከር ፊርስ ግን ከመከራው በፊትም ጉጉት ጮኻ ነበር ይላል፤ የትኛው መከራ ተብሎ ሲጠየቅ «ነፃነቱ» ብሎ ይመልሳል፤ የገባርነትን መሻር ማለቱ ነው። ጌቶቹ ሲሄዱ ረስተውት፣ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ይቀራል።