በናታችሁ የጥፍራችሁን ጥግ አትቆፍሩት

ሰው ጥፍሩ ስጋ ውስጥ ገብቶበት ሲመጣ ገና ካልሲውን ሳያወልቅ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። "ሲስተር፣ እኔው ራሴ ጥጉን ቆርጬ አውጥቼው ተሽሎኝ ነበር፣ ከዛ ብሶ መጣ።" እንደዛም ሆኖ ጥፋቱ የጥፍሩ እንጂ የመቁረጫው አይመስለውም።

ጥፍር የሚሰራው ሥሩ ጋ ከቆዳው ስር ነው፣ ከዛ ወደ ፊት ይገፋል። ጥጉን ስትቆፍሩት ሲወጋ የነበረው ነገር ስለሚነሳ ወዲያው ቀለል ይላል፣ የሚሸውዳችሁም እሱ ነው። መቁረጫው ያልደረሰበት ቦታ ግን እንደ እሾህ የሾለች ቁራጭ ትቀራለች፣ ጎኑ ላይ ያለው ስጋ ደሞ ጥፍሩ የለቀቀውን ቦታ ይይዘዋል። የእግር ጥፍር በወር 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ያቺ ሹል ቁራጭ ቀስ ብላ መጥታ ስጋው ላይ ትሰካለች፣ እናንተ ድጋሚ ትቆፍራላችሁ፣ በየዙሩ ጠለቅ እያላችሁ።

የገዛ ወንድሜ ነርስ እህት እያለችው አመት ሙሉ ተደብቆ ሲቆፍር ከርሞ፣ አውራ ጣቱ ጎን ላይ ቀይ፣ ሲነኩት የሚደማ ስጋ ሲያበቅል ነው ያሳየኝ። "ትርፍ ስጋ በቀለብኝ፣ እሱን አስቆርጪልኝ" ይላል ደሞ! ስጋውማ ምን አጠፋ፣ እየተወጋ ለመዳን ሲታገል ነው እንደዛ የሆነው። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፣ ጥጎቹ ከስጋው ወጣ ብለው እስኪታዩ ድረስ ይተዋሉ፣ በቃ።

መሃሉን በቪ ቅርጽ ከቆረጡት ጎኖቹ ወደ መሃል ይሰበሰባሉ የሚለውስ? አይሰበሰቡም። ጫፉ የሞተ ነገር ነው፣ እሱ ላይ የምትሰሩት ዲዛይን ሥሩን አያገባውም።

"ጠባብ ጫማ አላደርግም፣ እኔን አይነካኝም" የሚሉም አሉ። የሚያልብ እግር፣ ኳስ ሲመቱ መጎዳት፣ በዘር የመጣ ጎባጣ ጥፍር፣ ሁሉም ያመጣዋል።

አንቲባዮቲክ ደሞ አለ፣ ከሌላ ሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን ምናምን። እሾህ የተሰካበትን እግር ክኒን አይነቅልለትም፣ የሚወጋው ጥፍር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽኑም አብሮ ይሄዳል። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይ ትኩሳት ካለ ግን ሌላ ነው፣ ቶሎ ሀኪም ጋ።

"ሙሉ ጥፍሬን ይነቅሉታል" ብላችሁ የምትፈሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የገባው ጎን ብቻ ነው፣ ጣቱ ተደንዝዞ። መርፌው ያማል፣ አልዋሽም። እንዳይመለስ የዛ ጎን ሥር ፌኖል በሚባል ኬሚካል ይቃጠላል፣ ጥፍሩ ትንሽ ጠበብ ብሎ ይቀራል፣ ቁስሉም ጥቂት ሳምንት ውሃ ሊያወጣ ይችላል። ወንድሜ ተሰርቶለት ድኗል፣ አሁን የሌላኛውን እግሩን ጥግ ጀምሯል!

ገና ከጀመረ፣ መግል ከሌለው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሶስት አራቴ ንከሩት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከጥፍሩ ጠርዝ ስር ትንሽ ጥጥ አስገቡና በየቀኑ ቀይሩት፣ ክፍት ጫማ አድርጉ። በቀናት ውስጥ ካልተሻለው ኑ።

ስኳር ያለባችሁ ግን ይሄንንም ቤት አትሞክሩት፣ በመጀመሪያው ቀን ኑ። አንዳንዱ መግል ይዞ መጥቶ "ኧረ ምንም አያመኝም" ሲለኝ ነው የምደነግጠው፣ የማያመው ነርቩ ስለደነዘዘ ነው'ኮ።